ፈውቂያ በጎን ስትታይ

«ይሄ ዓይን ወዴት ነው የሚያየው?»

የሥዕል መምህርቷ አብላ ሲሃም ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ስትይዘው ክፍሉ በሙሉ አንገቱን አሰገገ። ሥዕሉ የሐናዲ ነው። የተሣለችው ደግሞ ጓደኛዋ ፈውቂያ ናት፤ በጎን ተቀምጣ፣ ነጭ ሻሿን እንዳሰረች። ግንባሩ የፈውቂያ ነው፣ አገጩም የፈውቂያ ነው፣ ከንፈሩ እንኳ «ምን ታመጪያለሽ?» የሚል መስሎ ወጥቷል። ዓይኑ ግን ጉድ ነበር። ፊቱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ሳለ ዓይኑ ሙሉውን ወደ ክፍሉ ዞሯል፤ እንደ ዓሣ ረዝሞ፣ ዙሪያውን በጥቁር ተኩሎ፣ አርባውንም ልጅ ባንዴ ያፈጥባቸዋል።

መጀመሪያ ከኋላ አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ከዚያ ማን ያቁመው!

«ኧረ በአላህ! ከመቃብር ግድግዳ ላይ ተነሥታ የመጣች ናት!»

«ፈውቂያ የፈርዖን ሚስት! እጅ ንሱ!»

ሐናዲ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ክፋቱ፣ ወረቀቱ ከፍ እስኪል ድረስ ዓይኑ ስህተት መሆኑን እሷም አላየችም ነበር። በሰፈሩ «ሥዕል የምትችለው ልጅ» ማለት እሷ ናት፤ ደብተር ላይ ስም የምታሳምረው፣ የሠርግ ቤት ግድግዳ ላይ ግመልና መርከብ የምትሥለው እሷ ናት። አሁን አርባ ልጅ ይስቅባታል። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

ያኔ ፈውቂያ ብድግ አለች። ፈውቂያ ጓደኛዋ ሲሳቅባት ዝም ብላ ማየት አይሆንላትም፤ አፏም ከጭንቅላቷ ቀድሞ የሚደርስ ልጅ ናት።

«አብላ፣ አውቃ ነው እኮ!»

«አውቃ ስትዪ?»

«ዘመናዊ አሳሳል ነዋ! ባለፈው ሳምንት እርስዎ ራስዎ ያሳዩን የለም እንዴ? ሁለቱም ዓይን ባንድ ጉንጭ ላይ የሆነበትን ፊት? ሐናዲም ከጎንም ከፊትም ባንዴ ልያት ብላ ነው። ስትሥለኝ ነግራኛለች።»

ምንም አልነገረቻትም። ሐናዲ ስትሥላት ያወሩት ስለ ፈውቂያ የአጎት ልጅ ሠርግ ነበር።

እውነት ነው፣ አብላ ሲሃም ባለፈው ሳምንት የዘመኑ ሠዓሊዎች የሰውን ጭንቅላት እንዴት እንደሚሥሉ ልታሳያቸው ሥዕሎች ሰሌዳው ላይ ለጥፋ ነበር። አንዱ ጭንቅላት በሦስት መስመር ብቻ ያለቀ፣ ሌላው እንደ ተሰበረ መስታወት የተሰነጣጠቀ፣ አንዱ ደግሞ ፈውቂያ እንዳለችው ዓይኖቹ ባንድ በኩል የተደረደሩ። ልጆቹ ሲስቁ አብላ ቆጣ ብላ «እነዚህ ሰዎች ዓይን የት እንዳለ ጠፍቷቸው እንዳይመስላችሁ። ቦታውን አሳምረው ያውቁታል፤ አውቀው ነው ያዛወሩት» ብላቸው ነበር።

አሁን ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ፊቷ እየበራ ሄደ።

«ሐናዲ፣ እውነት ነው?»

ሐናዲ በአዎንታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አንድ ጊዜ፣ በትንሹ። ከዚያ በኋላ የማይመለስ ነገር ሆነ።

በማግስቱ ሥዕሉ ከርዕሰ መምህርቷ ቢሮ በር አጠገብ ተሰቅሎ ተገኘ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሐናዲ ትረሳው ነበር። ግን ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የሥዕል ሱፐርቫይዘር ይመጣል፤ ከየትምህርት ቤቱ አንድ ልጅ ብቻ መርጦ በክረምቱ ወንዝ ማዶ ወዳለችው ከተማ ለሦስት ሳምንት ከሠዓሊዎች ዘንድ ለትምህርት ይልካል። ሐናዲ ይህን ወሬ ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች። ጀልባው ላይ ቦርሳዋን አንግባ ስትሻገር ራሷን በሐሳቧ ታየዋለች። የሳምንቱ ትምህርት እስከ ጀመረበት እስከ እሑድ፣ ሥዕሉ ክፍል ውስጥ እስከ ታየበት ቀን ድረስ ሁሉም ሰው ትሄዳለች ብሎ የሚጠብቀው ራንዳን ነበር፤ ቀስ ብላ፣ ላጲሷን እየጨረሰች፣ ያየችውን ብቻ የምትሥለዋን ራንዳ። አሁን የራንዳን ስም የሚያነሣ የለም።

«ለእኔ አንድ ኪሎ ጉዋቫ ይገባኛል» አለች ፈውቂያ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ በሸንኮራ አገዳው ዳር። «ማንም ሰው እንዲህ አድርጎ ጓደኛውን ከገደል አላወጣም።»

«ሱፐርቫይዘሩ ለምን እንዲህ ሣልሽው ቢለኝስ?»

«ታስረጂዋለሻ! በረጅሙ ተንፍሺና ‹ዓይን የነፍስ መስኮት ነው፣ መስኮቱን ወደ ሰው ሁሉ ልክፈተው ብዬ ነው› በዪው። በስሱ ብታለቅሺ ደግሞ አበቃለት።»

«ፈውቂያ!»

«እሺ አታልቅሺ። ግን መስኮቱን እንዳትረሺ።»

ሐናዲ አልሳቀችም። እስከ ሐሙስ የቀሩትን ቀናት በጣቷ ቆጠረች።

አባቷ፣ የድንጋይ ጠራቢዎች አለቃ ሙዓሊም አብደራዲ፣ የፈርዖኖች መቃብር ባለበት ኮረብታ ሥር ሱቅ አለው። ከፊት ለፊት እሱና ሁለት ሠራተኞች መሬት ተቀምጠው አልባስጥሮስ የሚባለውን ነጭ ድንጋይ ይሞርዳሉ፤ ከውስጥ መደርደሪያው ላይ ለቱሪስት የሚሸጡ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ የንጉሥ ወይም የንግሥት ጭንቅላት። እነዚያን ጭንቅላቶች የምትሥለው ሐናዲ ናት፤ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ። ፊቱ በጎን፣ ዓይኑ በፊት። አባቷም ከአባቱ የተማረው እንዲሁ ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ከትምህርት ቤት መልስ ሻይዋን እየጠጣች፣ ከእናቷ ጋር እያወራች አሥር አሥራ አምስት ጭንቅላት ትጨርሳለች። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው፤ ብሩሹ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል።

የትምህርት ቤቱ ወሬ አባቷ ጆሮ ደርሶ ነበር። ማክሰኞ ገና ከደጁ ሳትደርስ ጀመራት።

«ነይ እስቲ፣ ዘመናዊቷ! እኛ እኮ ከዘመኑ ሠዓሊዎች ቀድመን ዘመናዊ ነበርን፤ ማን ነገረን! ዋጋ ልጨምር እንዴ?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። አባቷ ግን ፌዙን ትቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ ኮርተናል። ለአጎቶችሽ ሁሉ ነግሬያለሁ።»

ይሄ ከፌዙ ባሰ። ሐናዲ ወደ ውስጥ ገብታ ብሩሹን ሳትነካ ከሰልና ወረቀት ይዛ ወጣች። ሐሙስ ዕለት ሰውዬው «በይ እፊቴ ሣዪ» ቢላት ቢያንስ አንድ ትክክለኛ ጭንቅላት መሣል አለባት። ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። አባቷ አንገቱን ደፍቶ የድንጋይ ማሰሮ ይሞርዳል። ግንባሩን ሣለች፣ ጥምጣሙን ሣለች፣ ጢሙን ሣለች። ዓይኑ ጋ ስትደርስ እጇ ሸርተት አለና ያው የዓሣ ዓይን ወጣ። ወረቀቱን ገለበጠችው። ሁለተኛም ያው። ሦስተኛውን ቀድዳ ጣለችው። ልቅሶዋ መጣ፤ የገዛ እጇ ነበር የከዳት።

ተነሣችና ተጠጋችው። አንድ ክንድ እስኪቀራት ድረስ ተጠግታ የአባቷን ዓይን ከጎን አየችው።

ዓሣ የሚባል ነገር የለም። ከጎን ሲያዩት ዓይን አጭር ነገር ነው፤ የተቆረሰ ዳቦ ጫፍ ይመስላል። የላይኛው የዓይን ቆብ ወጣ ብሏል፣ የታችኛው ገባ ብሏል፣ በመሀላቸው ብርሃን ትንሽ ያርፋል። ሽፋሽፍቱ በድንጋይ ብናኝ ነጥቷል። ከዳር ያለው ቆዳ እንደ ታጠፈ ጨርቅ ሦስት ቦታ ተሸብሽቧል። ሐናዲ ደነገጠች። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አብራው ኖራ የአባቷን ዓይን ከጎን አይታው አታውቅም።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? ዝንብ አለብኝ?»

«የለም አባ። አትንቀሳቀስ።»

«ማሰሮው በምን ይለቅ? በጸሎት?»

ሐናዲ አልመለሰችለትም። ያቺ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈች ጭንቅላት ትዝ አለቻት፤ አውቀው ነው ያዛወሩት የተባለላት። እሷ ምን አውቃ አዛወረች? ፈውቂያ እፊቷ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጣላት ሳለ አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኗን አላየችውም። ውሸቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከፈውቂያ አፍ ከወጣው ይልቅ ይሄኛው ከበዳት።

ረቡዕ ጠዋት ደወል ሳይደወል የሥዕል ክፍሉ በር ላይ ቆመች። አብላ ሲሃም ብሩሽ እያጠበች ነበር።

«ሐናዲ! ለነገ ተዘጋጀሽ?»

«አብላ፣ ያ ዓይን አውቄ የሣልኩት አይደለም።» አንዴ ከጀመረች ቆም ብላ ልትተነፍስ አልፈለገችም። «ስህተት ነው። አባቴ ሱቅ ድንጋይ ላይ የምሥለው ዓይን ነው፤ እጄ ለምዶት ነው። ፈውቂያን ሳላያት ነው የሣልኳት። ስጠየቅ ደግሞ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።»

«ፈውቂያ ግን ነግራኛለች አላለችም?»

«ፈውቂያ ልጆቹ ሲስቁብኝ ልታድነኝ ነው። ‹እውነት ነው?› ተብዬ የተጠየቅኩት እኔ ነኝ።»

አብላ ሲሃም ብሩሾቹን አንድ በአንድ ጨምቃ ጣሳው ውስጥ አቆመቻቸው። ከዚያ እጇን በጨርቅ ጠረገች። በጣም ቀስ ብላ ነበር የጠረገችው።

«ለርዕሰ መምህርቷ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንደለፈለፍኩ ታውቂያለሽ? ‹ይቺ ልጅ ፊትን ከሁለት አቅጣጫ አየችው› ብዬ! ለሱፐርቫይዘሩም ስልክ ደውያለሁ። አሁን ምን ልበላቸው?»

«አላውቅም አብላ።»

«ተናድጃለሁ።»

«አዎ።»

«አዎ አትበዪኝ። ዝም ብለሽ ቁሚና ልናደድበት።»

ሐናዲ ቆመች። አብላ መስኮቱን ከፈተች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ አንዱን ወንበር ከቦታው አንሥታ እዚያው ቦታ መልሳ አስቀመጠችው። በመጨረሻ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ጨረስኩ» አለች። «እኔስ ብሆን ልጅ ‹አውቃ ነው› ሲለኝ ዘልዬ ማመን ነበረብኝ? ደስ ስላለኝ ነው ያመንኩት። አሁን ስሚኝ። ሥዕሉን አወርደዋለሁ። ነገ አንቺም ራንዳም ሱፐርቫይዘሩ ፊት አንድ ሰዓት ትሥላላችሁ። የሕያው ሰው ጭንቅላት። ሻሽ ቢኖር ከሻሹ ሥር ጭንቅላት እንዳለ እንዳትረሺ። ለርዕሰ መምህርቷ እኔ እነግራታለሁ፤ ለፈውቂያና ለአባትሽ የምትነግሪው አንቺ ነሽ።»

ሐናዲ ከክፍሉ ስትወጣ «እፎይ!» የሚል ድምፅ ሰማች። የራሷ ነበር። ወዲያው ረኃብ ተሰማት፤ ለካ ከእሑድ ጀምሮ በደንብ አልበላችም። እረፍት ላይ የተጠበሰ የባቄላ ጠዕሚያ የታጨቀበት ሁለት ዳቦ ገዛችና አንዱን ለፈውቂያ ሰጥታ ሁሉንም ነገረቻት።

ፈውቂያ አፏ ሞልቶ ተንተባተበች። «አንቺ! እኔ አርባ ልጅ ፊት ተነሥቼ ካወጣሁሽ ገደል ተመልሰሽ ዘለልሽበት?»

«አንቺን አልወቀስኩሽም።»

«ባትወቅሺኝስ! ውሸታሟ ማን እንደሆነች ለማወቅ አብላ ጠንቋይ መቀለብ ያስፈልጋታል? በራስሽ አፍ ክረምቱን አበላሸሽው!»

«ሱፐርቫይዘሩ ‹ድገሚው› ቢለኝ ምን ልሠራ ነበር?»

«ትደግሚዋለሻ! ሌላ ዓይን ትችያለሽ እንዴ?»

ይቺ አመመቻት። ፈውቂያም እንዳመመቻት አየች፤ ግን ኩርፊያ ከጀመረች ወደ ኋላ የማትል ልጅ ናትና ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች። ዳቦውን ግን አልመለሰችም።

ማታ ለአባቷ ስትነግረው ሙዓሊም አብደራዲ ጢሙን አሻሸ። «እና ለአጎቶችሽ ምን ልበል?» አለ በመጨረሻ።

«ነገ እንደገና ትሥላለች በላቸው።»

«እሺ» አለ። «እንደዚያ ይሻላል።»

ሱፐርቫይዘሩ ኡስታዝ ሙንዚር ነጭ ጢም ያላቸው፣ ንግግር የሚቆጥቡ ሽማግሌ ነበሩ። ሐሙስ ዕለት ሥዕል ክፍሉ ገብተው ከኋላ ተቀመጡና «ማን ይቀመጥላቸው?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ማንም አልፈለገም።

«እኔ ልቀመጥ» አለች ፈውቂያ፣ ሐናዲን ሳታይ። «መጀመሪያም የተበላሸው የኔ ዓይን ነው።»

ወንበሩ ላይ ወጥታ በጎን ተቀመጠች። ሐናዲ ከሰሏን አነሣች። የጭንቅላቱን ክብ አወጣች፣ ሻሹን ከላዩ አለበሰችው፣ ግንባሩን አወረደች። ዓይኑ ጋ ስትደርስ እጇ ያቺን የለመዳትን ረጅም መስመር ጀመረ። ግማሽ ላይ ያዘችው። ከሰሏን ከወረቀቱ አንሥታ ቀና አለችና አየች።

ፈውቂያ ዓይኗን ሳታርገበግብ ቁጭ ብላለች። የመስኮቱ ብርሃን እየወጋት፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ፣ ላለመንቀሳቀስ ጥርሷን ነክሳ ይዛለች። ለማንም ብላ አይደለም፤ ለሐናዲ ብላ ነው። ሐናዲ ይህን ስታይ ልቧ ተንሰፈሰፈ። አልተቀየመችኝም፣ አለች በሆዷ። ከዚያ ያየችውን ሣለች፦ አጭሯን ዓይን፣ ወጣ ያለውን ቆብ፣ ከታች ያቀረረችውን ውሃ። አንድ መስመር ትሥላለች፣ ቀና ትላለች፤ እንደገና ትሥላለች፣ እንደገና ቀና ትላለች። ሰዓቱ ሲያልቅ አንገቷ ደንዝዞ ነበር።

ኡስታዝ ሙንዚር ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አቆሙና ራቅ ብለው፣ ቀረብ ብለው አዩአቸው።

«ራንዳ ትሂድ» አሉ። «የሣለችው ጭንቅላት አንገቱ ላይ ተቀምጧል።» ከዚያ ወደ ሐናዲ ዞሩ። «ያንቺ አንገት ጭንቅላቱን መሸከም አቅቶታል። ዓይኑ ግን ታይቶ የተሣለ ነው። እስከ ዛሬ ስንት ጭንቅላት ሥለሻል?»

«በሺሕ የሚቆጠር» አለች ሐናዲ። «ይሄ የመጀመሪያው ነው።»

ሽማግሌው ነገሩ አልገባቸውም። አብላ ሲሃም ግን ገብቷት ወደ መስኮቱ ዞራ ፈገግ አለች።

ከፋት፣ እንዴት አይከፋትም! ጀልባዋም ክረምቱም ሄዱ። ራንዳ መጥታ ስታቅፋት እንባዋ ሊያመልጣት ምንም አልቀረውም። ግን ሐዘኑ ቀላል ነበር፤ የሚደበቅ ነገር የለበትም። ማንም ምንም ቢጠይቃት መልስ አላት። ትከሻዋን ስትነቀንቀው ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምሮ እንዲህ ቀልሏት እንደማያውቅ ታወቃት።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ፈውቂያ ዓይኗን እያሸች ወረቀቱ ጋ መጣች። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አፍንጫሽ ነዋ።»

«ይሄ ሁሉ?»

«ይሄ ሁሉ።»

«ወላሂ ይሄ ሁሉ የኔ አይደለም! መሀሉ ላይ ይሄ ጉብታ ምንድን ነው? ግመል ላይ ተቀምጬ ነው የሣልሽኝ?» ወረቀቱን አንሥታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ስሚ ሐናዲ። ፉክክሩ አልቋል። ሰውዬውም ሄዷል። ትንሽ፣ የጣት ጫፍ የምታህል፣ ከላዩ ቀንሺልኝ። ቤት ልውሰደው፤ እናቴ እንግዳ ክፍል ትሰቅለዋለች። ለእኔ እኮ ይሄ አይገባኝም?»

ይገባታል። ሐናዲ ላጲሷን አነሣች። ማንም አያይ፣ ማንም አይጠይቅ፤ አንዲት ቀጭን መስመር ናት። ፈውቂያ ስለሷ አርባ ልጅ ፊት ተነሥታለች፣ አንድ ሰዓት ዓይኗን ሳታርገበግብ ተቀምጣለች።

ቀና ብላ የጓደኛዋን አፍንጫ አየችው። ከመሀሉ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለው ቦታ ላይ የመስኮቱ ብርሃን አርፏል። ስታየው ደስ አላት። ይሄ አፍንጫ ከሌለ ፈውቂያ እንደ ማንኛዋም ልጅ ትሆናለች።

ላጲሷን ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«አልቀንስም።»

«አንቺ ድንጋይ!» ፈውቂያ ወረቀቱን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመልሳ ወጣችና ፊቷን ወደዚያኛው ግድግዳ አዞረች። «እሺ፣ በዚህ በኩልስ? ምናልባት በዚህ በኩል ያንስ ይሆናል።»

ሐናዲ ሳቀች። ንጹሕ ወረቀት ሳበችና ወንበሯን አንድ እርምጃ ወደ ጓደኛዋ አስጠጋች።